መርጌታ ደጅ የቆምንበት ጠዋት

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ እትዬ ላቀች ልጇን በክንዱ ጎትታ ሱቄ ገባች። ልጁ የሚጎተት ዕድሜ ላይ አይደለም፤ ጢም አብቅሏል፣ የመንገድ ሥራ ዲግሪም አለው። «ምከርልኝ፤ ዲግሪዬን ይዤ ነርስነት ካልተማርኩ ይለኛል» አለችኝ። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩትን ሰውዬ ለምክር መምረጧ አልገረመኝም። የተማረ ሰው ሲጠየቅ «ጥናት ይፈልጋል» ይላል፤ ነጋዴ ግን ቶሎ ይመልሳል። እኔ ግን መመለሱን ትቼ ሳቅሁና ሴትዮዋን አስቀየምኳት። የሳቅሁት በልጇ አልነበረም። በነጭ ጋቢ መርጌታ ጥሩነህ ደጅ የቆምኩበት ጠዋት ድንገት ትዝ ብሎኝ ነው።

ያን ጊዜ ሃያዎቹን በቅጡ ያላጋመስኩ የነጭ ሽንኩርት ነጋዴ ነበርኩ። ከጃናሞራ በአህያ የሚመጣውን ደባርቅ ላይ ተቀብዬ፣ በአይሱዙ ጭኜ ሊማሊሞን ቁልቁል እወርዳለሁ። ነጭ ሽንኩርት የሚነግድ ሰው የትም ሲደርስ ሽታው ቀድሞት ነው። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ ስለማይገኝ ተዘርግቼ እተኛ ነበር፤ ንግዱ ከሰጠኝ ምቾት ሁሉ የማልረሳው እሱን ነው።

ማስተዋል የመርጌታ ልጅ ናት። እስከ ስምንተኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠናል። ከዚያ እኔ ወደ ገበያ፣ እሷ ወደ ላይ ሄድን። ዩኒቨርሲቲ ገብታ በዕፅዋት ሳይንስ ተመረቀችና ዳባት ግብርና ጽሕፈት ቤት ተቀጠረች። የተመረቀች ጊዜ መርጌታ ሙክት ጣሉ፤ የደብሩ ካህናት አንድ ሳይቀሩ መጡ። ጥቁር ካባዋን ለብሳ የተነሣችው ፎቶ ከቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ጎን ተሰቀለ። የገባ እንግዳ ሁሉ ሁለቱንም ይሳለም ነበር ብል ማጋነን ይሆናል፤ ግን ብዙም አልቀረው።

አንድ ቀን ከዳባት ስትመለስ መናኸሪያው አጠገብ አገኘኋት። ትኩስ ቅቅል ድንች በአዋዜ እየበላን የሆዷን አጫወተችኝ። ገጠር ስትወጣ ገበሬው ስለ ገብሱ መጠየቅ ሲጀምር ሚስቱ የታመመ ልጅ ታቅፋ ከኋላው ትደርሳለች። ከመንግሥት የመጣ፣ ደብተር የያዘ ሰው መድኃኒት አያውቅም ብሎ ማሳመን ቀላል አይደለም።

«የገብስ ዋግ ከማዶ ሆኜ እለየዋለሁ» አለችኝ። «ሕፃን ሲያተኩስ ግን ከእናቱ ጋር ቆሜ ማየት ነው ሥራዬ። ሥራው ሰልችቶኝ አይደለም፤ አፍሬ ነው።»

ጎንደር ላይ፣ በሌላ ሙያ ዲግሪ የያዘውን ሰው ተቀብሎ ነርስ የሚያደርግ ትምህርት ተከፍቶ ኖሯል። ተፈትና አልፋለች፤ በዚያው ጥቅምት መግባት አለባት። ያልተሳካላት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ አባቷ እምቢ ብለዋል። «ካባ ያለበስኳት ልጅ እንደገና ከጀማሪ ጋር ልትቀመጥ? አገሩ ወደቀች ይለኛል» ነው ቃላቸው።

እኔ ነገሩ አልገባኝም። ነጭ ሽንኩርት ሲረክስ ወደ ምስር ስዞር ማንም አላለቀሰልኝም። የራስሽን ደመወዝ የምትበይ ሴት ነሽ፣ ዝም ብለሽ አትሄጅም ወይ አልኳት። ድንቿን አስቀምጣ አየችኝ።

«አንተ ሳታማትብ ሊማሊሞን ትወርዳለህ?»

አልወርድም። ሹፌራችን እንኳ ሳያማትብ ማርሽ አይነካም። ያለ አባቷ ምርቃት ንቅንቅ እንደማትል ያን ጊዜ ገባኝ።

«ገበሬውን አሳምነህ ሽንኩርቱን ትወስድበት የለ፤ አባቴንም አሳምንልኝ» አለች።

«ገበሬው ድጓ አይጠቅስብኝም» አልኳት።

እውነትም እንደ እኔ ያለ ለጋ መርጌታን አይሟገትም፤ ሽማግሌ ያስፈልጋል። የከብት ደላላ የሆኑትን አያ ደስታን ለመንኩ። አያ ደስታ በገበያ ቀን በሬን ከገዢ፣ በሌላው ቀን ወንድን ከሴት ሲያገናኙ የኖሩ ሰው ናቸው። ጉዳዩን ከሥሩ አስረዳኋቸው፤ «ገባኝ» አሉ። ገብቷቸውም ነበር። የልማድ ነገር ሆኖ እግራቸው ግን የሚያውቀው አንድ ዓይነት ሽምግልና ብቻ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሄድን። የጥቅምት ውርጭ ገና ከሣሩ አልለቀቀም፤ ስንተነፍስ አፋችን ይጨሳል። አያ ደስታ የታጠበ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ለእኔም አንድ አልብሰውኛል። መርጌታ ብቅ ብለው «ግቡ እንጂ፣ ተቀመጡ» ሲሉን አያ ደስታ በትራቸውን ተክለው ድምፃቸውን ሞረዱ።

«ጉዳያችን ሳይመለስ አንቀመጥም።»

ይህን ቃል በእኛ አገር ልጅ ጠያቂ እንጂ ሌላ ሰው አይናገረውም። በክርኔ ጎሸም አደረግኋቸው፤ ጋቢው ወፍራም ስለሆነ አልተሰማቸውም። የመርጌታ ፊት ግን ወለል ብሎ በራ። ማስተዋል ጎረቤት እናቷን «እስካሁን ምነው?» የሚልበትን ዕድሜ አልፋለች። በደንቡ የልጅ አባት መጀመሪያ «ዘመድ ላማክር፤ ሌላ ቀን ተመለሱ» ይላል። እሳቸው ከደስታቸው ብዛት ደንቡን ዘለሉት።

«ልጄን ብላችሁ እንደመጣችሁ አቋቋማችሁ ይናገራል» አሉ። «እኔም ደጅ አላስጠናችሁም፤ እግዚአብሔር የፈቀደው ይሁን። ብቻ ልጁ የማን ልጅ ነው?»

ይህን ብለው ዓይናቸውን ከአያ ደስታ ላይ አንሥተው ወደ እኔ መለሱ። ከጫማዬ ጀምረው ቀስ ብለው ወደ ላይ ወጡ፤ ደረቴ ዘንድ ሲደርሱ አፍንጫቸውን አሸት አደረጉ።

«ይህ ፈንታሁን ነው እንዳትሉኝ ብቻ።»

አያ ደስታ ገና አሁን ነቁ። «መርጌታ፣ ባል እንኳ አልያዝንም» አሉ አንገታቸውን ደፍተው። «የመጣነው ልጅቱ ጎንደር ወርዳ እንድትማር ፍቀዱላት ልንል ነው።»

መርጌታ በጋብቻ ደንብ ቆመን ትምህርት መጠየቃችንን እንደ ስድብ ቆጥረውት ፊታቸውን አዙረው ወደ ቤት ተራመዱ። ከገቡ ነገሩ አበቃ። ማስተዋል ከማጀቱ በር መቃኑን ይዛ ቆማለች፤ ወደ አባቷ ሳይሆን ወደ እኔ ነበር የምታየው።

ገበያ ያስተማረኝ አንድ ነገር አለ፤ ሻጭ ሲኮራብህ ስለ ዕቃው አትሟገት፣ ስለ ራሱ ጠይቀው።

«አባቴ፣ እርስዎ ድጓ ጨርሰው ለቅኔ ጎጃም የወረዱ ጊዜ የት ነበር ያስቀመጡዎት?»

እግራቸው ቆመ። የቤተ ክህነት ሰው ከተማሪ ቤት ትዝታው ላይ ዘሎ ማለፍ አይሆንለትም። መጀመሪያ ቆመው፣ ቀጥሎ ደጁ መደብ ላይ ቁጭ ብለው ያወሩልን ጀመር። ድጓ ጨርሰው የትም ደብር በክብር መቆም ሲችሉ ደበሎ ደርበው በእግራቸው ወርደዋል። ቅኔ ቤት በራፉ ላይ ከልጆች ጋር አስቀመጧቸው። ድምፁ ያልጎረነነ አንድ ፍንጭት ልጅ የመጀመሪያ ጉባኤ ቃናቸውን «ቤት አይመታም» ብሎ ጣለባቸው፤ ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ። ቁራሽ ለመለመን ሲወጡ የጎጃም ውሻ ባለ ድጓ ነው ብሎ አላለፋቸውም። እየሣቁ ነበር የሚያወሩን። እኛም አጠገባቸው ተቀምጠናል፤ ጉዳያችን ሳይመለስ መቀመጣችንን ያስተዋለ አልነበረም።

«ታዲያ ሰው ወደቀ አላለዎትም?» አልኳቸው።

«ለምን ይለኛል? ድጓውን ጥዬው አልሄድኩ፤ ደረብኩበት እንጂ!»

ያን ጊዜ ከማጀት የባለቤታቸው የእትዬ አበቡ ድምፅ መጣ። «ይህን ስሰማ አረጀሁ» አሉ። «ልጅቱስ ሌላ ምን አለችዎ?»

መርጌታ ወደ ማጀቱ ዞሩ። ጢማቸውን ያዝ አደረጉ። ቆይተው ከሆዳቸው ሣቁ፤ አያ ደስታም ተከተሉ፤ እኔ ግን ውጤቱን ሳላይ አልሣቅሁም።

«ነይ ወዲህ» አሉ። ማስተዋል መጥታ ተንበረከከች። እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው ብዙ መረቋት፤ ግማሹ ግእዝ ስለሆነ አላወቅሁትም። ያወቅሁት መጨረሻውን ነው። «ዕውቀት በዕውቀት ይደርብልሽ። ገብሱንም እንዳትረሺ፤ ከበሽተኛ ራስጌ ስትቆሚ መጀመሪያ በልቶ ማደሩን ጠይቂ።»

ማስተዋል ቀና ስትል ጉንጯ ርሷል፤ ጥርሷ ግን አልተሰበሰበም። እትዬ አበቡ ትኩስ የገብስ ዳቦ በተልባ አቀረቡልን፤ የጽጌ ጾም ነበር። ጠላውን ስንቀምስ መርጌታ ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ ሽታው ቢቀርልህ ለልጅ ጠያቂነት ሳይሆን ለጠበቃነት ትሆናለህ አሉኝ። እንደ ምርቃት ቆጠርኩት።

ማስተዋል በሳምንቱ ጎንደር ገባች፤ ዛሬ ከእሷ ኋላ የመጡትን ታስተምራለች። ከሌላ ሙያ የመጣ ተማሪ ሲገጥማት «ያንን እንዳትጥለው» ትለዋለች አሉ። ይህን ሁሉ ለእትዬ ላቀች ስነግራት ጋቢዋን አስተካክላ፣ «ታዲያ እምቢ ባይ አባቱ ፊት ማን ይቆምልኛል?» አለችኝ። እቆማለሁ አልኳት። አያ ደስታ አልፈዋል፤ ሽበት ሾሞኝ ሥራቸው ለእኔ ደርሷል። በዚህ አገር ብዙ ደጅ ቆሜያለሁ። ካጋባኋቸው ገሚሶቹ መልሰው አስታርቀን ብለው ጠርተውኛል፤ ደጋግመው የጠሩኝም አሉ። ሙሽራ ሳልይዝ የቆምኩበት የመርጌታ ቤት ግን አስታርቀን ብሎ እስከ ዛሬ አልጠራኝም።