አባቴ የተሻገረው ጠመንጃ

ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወስደውን መንገድ ትታችሁ ገደሉን ብትወርዱ፣ እህቴ የተዳረችበትን መንደር ታገኛላችሁ። ከላይና ከታች ያሉ ባለደሞች በተጋደሉ ቁጥር የሚረገጠው ይኸው መንደር ነበር። ኋላ ሽማግሌ ተቀመጠና ለማንም እንዳይወግን፣ መሣሪያ የያዘ ሰውም እንዳይገባበት ተወሰነ። ከገደሉ በላይ ያለው የእኛ ደብር ዋስ ሆነ፤ መንደሩን የሚደፍር ከመጣ ወርደን መሀል ልንቆም። አባቴና የደብሩ ወንዶች ጠመንጃ መሬት ላይ አጋድመው፣ እየተሻገሩት ማሉ። የመንደሩ ሰዎችም አምነው የነበራቸውን መሣሪያ ሸጡ፤ በሬ ገዙበት።

ጦርነቱ የመጣ ጊዜ የእህቴ ባል እያለከለከ ገደሉን ወጣ። ታጣቂዎች መንደሩ ውስጥ ሊሰፍሩ ነው፣ ድረሱልን ብሎ፣ ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ተመልሶ ወረደ።

ወንዶቹ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀመጡ። አንዱ መሐላው ለባለደም ነው እንጂ ለጦር አይደለም አለ። ሌላው፣ ቃል ቃል ነው፣ ግን ጤፉ ሳይወቃ እንዴት ይሆናል አለ። አንድ ቀልደኛ ደግሞ ለመትረየስ ዋስ የሚሆን ከሰማይ ፈልጉ ብሎ አሳቃቸው። እኔ ቆሎ እያቀረብሁ እሰማለሁ። አባቴ ጋ ስደርስ ጎንበስ ብዬ፣

«አባዬ፣ ጠመንጃውን ስትሻገር፣ ጦር ከሆነ አልወርድም ብለህ ነበር?» አልሁት።

«አላልሁም ልጄ።»

ግን አልተነሣም። ከብቱ ይግባና እንመለስበት ተባለ። ከብቱ ሳይገባ ተኩሱ ከታች ተሰማ።

ሲነጋ ሁላችንም ወረድን። በሬዎቹ ታርደው ቆዳቸው በየደጁ ተጥሏል። ታጣቂዎቹ አድረው ሄደዋል። የእህቴ ባል፣ መሣሪያ የያዘ ቤቴ አይገባም ብሎ በር ላይ ቆሞ ኖሮ፣ እዚያው ገድለውታል። አባትየው፣ ያን ጊዜ ከአባቴ ጋር መሐላውን የጨረሱት ሽማግሌ፣ አጥሩ ጋ ተቀምጠው ጠበቁን። እጃቸውን ለማንም አልዘረጉም።

«ለለቅሶ ከሆነ ግቡ» አሉን። «ለመሐላው ከሆነ ግን ትናንት ነበር።»

እኛ እያለቀስን ገባን። አባቴ አልገባም፤ ጋቢውን ተከናንቦ ፀሐይ ላይ ቆሞ ዋለ። ወደ ማታ እህቴ ከለቅሶው መሀል ተነሥታ በቅል ውሃ ወሰደችለት። ተቀበላት። እስክንሄድ ድረስ እንደያዘው ነበር፤ አልጠጣውም።