ኮረብታው የተዋሰው ድምፅ

ልጅ ሳለሁ፣ ከሃላሌ ከተማ በላይ ተዳፋቱ ላይ በነበረው የሳር ቤታችን ውስጥ፣ ዝናብ እየዘነበ ስሙ የተጠራ ሰው አይመልስም ነበር። ደንቡን ያመጡት አያቴ ናቸው። ፍሙን እየቆሰቆሱ ተረት ሲጀምሩ፣ እዚያው ቤት ውስጥ ከእኛ ጋር የሚያድሩት ከብቶች እንኳ ማመንዠካቸውን የሚያቆሙ ይመስለኝ ነበር፤ ካቋረጠቻቸው ላምም ብትሆን አይምሯትም ነበርና።

ደንቡን ሲያመጡ ታላቅ እህቴ አስቴር ከሞተች ገና ወር አልሞላም ነበር። የእንሰት ቅጠል ልታመጣ ከቤቱ ጀርባ እንደወጣች ዝናቡ በረታ፤ እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ «አስቴር!» ብዬ ጠራኋት። «አቤት!» አለች፤ ቆም ብላም ወደ እኔ ዞረች። በዚያው ቅጽበት ኮረብታው ተናደ፤ እንሰቱም እሷም ጭቃ ውስጥ ቀሩ። ባልጠራት ኖሮ ሮጣ ታመልጥ ነበር እያልኩ እንቅልፍም ምግብም እምቢ አልኩ። አያቴ አንድ ምሽት፣ የኩራዙ ብርሃን እየደከመ ሳለ፣ አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«አንቺ አይደለሽም የጠራሻት» አሉኝ። «ኮረብታው ነው፣ ያንቺን ድምፅ ተውሶ። በዝናብ ስምሽን ለሚጠራ እንዳትመልሺ።»

ጥፋቱን ከትከሻዬ ሊያወርዱልኝ ነበር፤ አሁን ይገባኛል። ያኔ ግን የገባኝ፣ ኮረብታው ድምፄን ገና እንዳልመለሰልኝ ነው።

ዛሬ ሶዶ ውስጥ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምር እርጥብ አፈር አፍንጫዬን ይሞላዋል፤ ሰው ቢጠራኝ ምላሴ ይታሰራል። የቢሮ ባልደረቦቼ «ክረምት ሲገባ ጆሮዋ ይዘጋል» እያሉ ያሾፉብኛል። ከጎጃም ተመድባ የመጣች ሐኪም ግን አልሳቀችም። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» አለችኝ፤ በልጅነት የደረሰ ድንጋጤ ካልታከመ፣ ሰውነት ነገሩ ማለፉን ሳያውቅ እንደሚኖር አስረዳችኝ። እኔ አመንኳት። ምላሴ ግን አላመናትም።

ባለፈው ክረምት ልጄ ሜሮን ግቢ ውስጥ ስትጫወት ዶፉ ወረደ፤ ጎርፉም በበሩ ስር መግባት ጀመረ። እንደምንም ብዬ «ሜሮን!» አልኩ። ቆማ አየችኝ፤ ከንፈሯንም ግጥም አደረገች። ሮጬ ያዝኳት።

«ለምን ዝም አልሽኝ?»

«በዝናብ አይመለስም አይደል፣ እማዬ? አንቺም እኮ አትመልሺልኝም።»

ተረቱን አንድም ቀን ነግሬያት አላውቅም። እዚያው ዝናቡ ውስጥ፣ እያለቀስኩ፣ «አቤት» እስክትለኝ ደጋግሜ ጠራኋት። አለችኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ዓይኔ ኮረብታውን ፍለጋ ከኋላዋ ሄደ፤ የጎረቤት አጥር ብቻ ነበር።

ከአያቴ ተረቶች ብዙውን ረስቻለሁ፤ ይህ አንዱ ቀረ። ልጄ ግን ትመልስ። አጥሩን እኔ እጠብቃለሁ።