ድንጋይ የያዘው ጣሪያ

የሰው ቤት ጣሪያ ማየት ሥራዬ አይደለም። ልማድ ሆኖብኝ ግን ግንቦት በገባ ቁጥር ከደብረ ታቦር ተነሥቼ ከገሳይ በላይ ወዳለው የእህቴ ቤት እወጣለሁ። ታላቄ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ትኖራለች። ክረምቱ ሳይገባ ቤቱን አያለሁ፣ ያየሁትን እናገራለሁ፣ የሚሰማኝ የለም፣ እመለሳለሁ። ጉልበቴም ምላሴም ደክሟል።

አያየቱ ከባድ አይደለም። በቀትር በሩንና መስኮቱን ዘግቼ ወደ ላይ አንጋጥጣለሁ፤ ቆርቆሮው የተበሳ እንደሆነ ብርሃን ያሳብቃል። የግድግዳውን አናት በእጄ እዳስሳለሁ፤ ጭቃው ከተፈረፈረ ውኃ ወርዶበታል። ከዚያ መሰላል ላይ ወጥቼ ቆርቆሮው የተመታበትን የባሕር ዛፍ ወራጅ በቢላ ጫፍ እወጋለሁ።

ያን ዓመት ቢላው እስከ እጀታው ገባ።

"እታለም፣ ይኼ እንጨት አይደለም፤ ዱቄት ነው።"

"በየዓመቱ ታሟርትብኛለህ። ዐምና መች ወደቀ?"

"አልጋሽ ላይ የሚረግፈውን አታዪም?"

"እሱንማ እጠርገዋለሁ።"

ወጥቼ ጣሪያውን ከውጭ አየሁት። በኛ አገር የጉና ተራራ ነፋስ ቆርቆሮ እንዳይገነጥል ድንጋይ ይጫንበታል። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ይጨመራል፤ የሚያወርድ ግን የለም። እርጥበቱ ከድንጋዩ ሥር ይተኛል፣ ቆርቆሮው ይዝጋል፣ ክብደቱ እንጨቱን ያጎብጠዋል። የእህቴ ጣሪያ ካብ መስሏል። ምስማሩ የሚነክሰው እንጨት ስለሌለ ቆርቆሮውን የያዘው ድንጋዩ ብቻ ነበር፤ አንድ ቀን ዝናብ ሲጨመርበት የሚጥለውም እሱው ነው። አልጋዋ ደግሞ ከሥሩ።

"ከኔ ጋር ደብረ ታቦር ግቢ" አልኋት።

"የባሌን ቤት ዘግቼ? ከዚህ የምወጣው በቃሬዛ ነው።"

"ቤቱ ራሱ በቃሬዛ ያስወጣሻል።"

ጎረቤት ዞርሁ። እንጨቱን እኔ አመጣለሁ፣ እናንተ እጅ ብቻ ስጡኝ አልሁ። ጠላ ቀዱልኝ።

"አሁንማ እርሻ ነው። ከመስቀል በኋላ ደቦ እንጠራለን" አሉኝ። በዚህ ዕድሜዬ ማታ ትምህርት መግባቴን የሰማ ሌላ ሰው ከጥግ ሆኖ "ፊደል በሽምግልናው ቆጠረ፣ አሁን ደግሞ መሐንዲስ ሆነ!" አለና ሳቁ።

ከመስቀል በኋላ! ክረምቱ የሚወርደው ከመስቀል በፊት መሆኑን ከኔ ይልቅ እነሱ ያውቁታል።

እንጨቱን አስመጣሁ። እህቴ ወፍጮ በሄደችበት ጠዋት ጣሪያው ላይ ወጣሁና ድንጋዩን እያነሣሁ ወደ ጓሮ ወረወርሁት። ቆርቆሮውን ነቀልሁ፤ ምስማሩ በጣት ይወጣል። ስትመለስ የቤቷ ግማሽ ሰማይ ሆኗል።

ዱቄቷን መሬት ጣለችና ጮኸች። "ኡኡ! የአገር ያለህ! ወንድሜ ቤቴን አፈረሰው!"

እንዲህ ሲጮህ እኛ አገር ቤቱ የሚቀር ወንድ የለም። በሬውን ፈትቶ መጣ፣ ዱላውን ይዞ መጣ። አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ከመሰላሉ ሥር ቆሙ።

"አንተ ሰው፣ አብደሃል? የመበለት ቤት ይገፈፋል?"

"አላበድሁም አባባ። ሰሞኑን ስለምንዎት እርሻ አለብኝ አሉኝ። ወደ ሞፈርዎ ይመለሱ፤ እሷ ሰማይ ሥር ትደር።"

"ምላስህ ይቆረጥ!" አሉና ጋቢያቸውን ጥለው መጥረቢያ አስመጡ። እሳቸው ከያዙ ማን ቆሞ ያያል? መበለት ሜዳ ላይ አድራ ነገ ማን ቀና ብሎ ይሄዳል? ሲለመኑ ጊዜ ያልነበራቸው ሰዎች ሲያፍሩ ጊዜ ተረፋቸው። የበሰበሰውን አውርደን አዲሱን ወራጅ አጋደምን። ደህናውን ቆርቆሮ መርጠን፣ ምስማሩን ውኃ በሚሄድበት ቦይ ሳይሆን በጉብታው ላይ መታን። እህቴ ከሥር እየረገመችኝ ንፍሮ ታቀርብላቸው ነበር፤ ለኔ አልሰጠችኝም። ሲያልቅ አንዱ ጎረምሳ ከጓሮ ድንጋይ አንሥቶ "ለነፋሱ ጣል እናድርግበት?" አለ።

"አንዲት ብትጥል አንተን እጥልሃለሁ።"

ክረምቱ ወረደ። በረዶውም ወጨፎውም ያን ጣሪያ ሲደበድቡ ከረሙ። ለመስቀል ሄጄ የግድግዳውን አናት ዳሰስሁ፤ ደረቅ ነው። እህቴ ጠላ ቀዳችልኝ፤ ፊቷን ግን አዙራ ነው።

"ሰው ፊት አዋረድኸኝ" አለች።

"አዎ፣ አዋረድሁሽ።"

ወገቤን ያመኝ ስለነበር ግድግዳውን ተደግፌ ጠጣሁ። ስጨርስ ሳልጠይቃት ደገመችልኝ።