ማራገቢያዬ የያዘው የክብር ቦታ

ትናንት ማክሰኞ፣ ፀሐይና የሐይቅ ነፋስ። ሹም አቦ ሰፈር፣ እኔ ቤት የነበርነው እኔና ከደቅ ደሴት የመጡት የኔታ ብቻ ነን።

የኔታ የሞቱ መምህራቸው ሲያዜሙ የቀረጽሁትን ቪዲዮ ሊያስገለብጡ አዲስ ሃርድ ዲስክ ይዘው መጡ። የደቅ ጀልባ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይነሣል። ካመለጣቸው ቀጣዩ በሳምንቱ ነው።

ዲስኩን ስሰካው ላፕቶፑ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ተረጎምሁላቸው፦ «ይህ ዕቃ ከዚህ የተሻለ ቦታ ቢሰካ ይፈጥን ነበር ይላል።»

«ከፍ በል እያለው ነው? ተይው ልጄ። እንግዳ በመጀመሪያው ግብዣ ብድግ አይልም።»

መገልበጡ ሁለት ሰዓት ይፈጃል ይላል።

«የኔታ፣ ጀልባው ጥሎዎት ይሄዳል።»

«ትሕትና ያስመሰግናል እንጂ አያስነቅፍም።»

ውስጡ ሰማያዊ የሆነው የላፕቶፕ ቀዳዳ ፈጣኑ መሆኑን ድሮ ከአንድ የዕቃ ካርቶን ላይ አንብቤ ነበር። ዞር ብዬ አየሁት። አራት ዓመት ሙሉ ከላፕቶፑ ኃይል የሚስበው ትንሹ የጠረጴዛ ማራገቢያዬ ተቀምጦበታል።

«በሞቴ የኔታ፣ ከፍ ይበል» አልሁ።

«የለም፣ እዚሁ ይበቃዋል።»

ደግሜ ለመንሁ። እምቢ አሉ። በሦስተኛው «እንግዲህ ካልሽ» ብለው ማራገቢያውን በራሳቸው እጅ ነቀሉትና «አትቀየመን፣ ባለቦታው መጥቶ ነው» አሉት።

ዲስኩን ሰማያዊው ላይ ሰካሁት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መገልበጡ አለቀ። ጀልባው ሊነሣ ሲል ደረሱ።

ዛሬ ጠዋት ማራገቢያውን ጥቁሩ ቀዳዳ ላይ ሰካሁት። እንደ ድሮው ዞረ፣ ምንም አልጎደለበትም። ሰማያዊውን አቧራውን ጠርጌ ባዶውን ተውሁት።

እስቲ እናንተም ላፕቶፓችሁን ዞር አድርጋችሁ እዩና ንገሩኝ፤ የክብር ቦታው ላይ ማን ተቀምጧል?