ዳሱ ውስጥ ያደሩ ታካሚዎች

ሰሞኑን የጉልበቴ ቀዶ ሕክምና ተላለፈ። ከሆስፒታል የደወለችልኝ ልጅ እየተጨነቀች፣ "እናቴ፣ አልጋው በወረርሽኙ ታማሚዎች ተይዟል፤ የእርስዎ ደግሞ አስቸኳይ አይደለም" አለችኝ። ሳቄ መጣ። እኔም በወጣትነቴ፣ ከሚሴ ነርስ ሳለሁ፣ ይህንኑ ለሰው ተናግሬያለሁና።

ያኔ ክረምቱ ወጥቷል፤ ከከተማዋ አጠገብ ያለው የጨፋ ሜዳ ግን ገና ውሃ ተኝቶበታል። መንገዱ ሁሉ የማሽላ እሸት ጥብስ ይሸታል። ምን ያደርጋል፣ ወባ ገባና የጤና ጣቢያችን አልጋ ቀርቶ ወለሉም ሞላ። በዚያው ሳምንት የዓይን ሞራ የሚያነሱ ሐኪሞች ከደሴ ሊመጡ ቀጠሮ ነበር። ኃላፊያችን አቶ ሰይድ፣ "ታካሚዎቹን የት እናሳድራለን? ለከርሞ ይቆይ" አሉ። ለተሰለፉት ታካሚዎች ነጋሪዋ እኔ ሆንኩ።

እማማ ሐዋ ከፊት ቆመዋል። ዓይናቸው የተጋረደው ልጃቸው ዘይነባ ገና የወተት ጥርሷን ስትነቅል ነው።

"የእርስዎ አስቸኳይ አይደለም እኮ፣ እማማ።"

"ለማን?" አሉኝ ረጋ ብለው። "ዘይነባ እሑድ ባቲ ልትዳር ነው። መልኳን ሳላይ ልሸኛት?"

"አልጋ የለም" ብቻ አልኩ።

"የቸገራችሁ አልጋ ነው እንዴ? ደጄ ላይ የሠርግ ዳስ ተጥሏል። ለሠርገኛ የተነጠፈ ሰሌን ለታማሚ ይጎረብጣል?"

አቶ ሰይድ ስለ አቧራው፣ ስለ ዝንቡ እያነሱ ተከራከሩ፤ በመጨረሻ ግን ተሸነፉ። የሰፈሩ ሴቶች ዳሱን ጠርገው ውሃ ረጩ፤ የታጠበ አንሶላ አመጡ። ቀዶ ሕክምናው ጤና ጣቢያው ውስጥ ተሠራና ታካሚዎቹ አንድ ዓይናቸው ታሽጎ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ዳሱ ሄዱ። የማያሰክረው የገብስ መጠጥ፣ ቀሪቦ፣ ተቀዳላቸው። ሴቶቹ ድቤ ሲመቱ እኔ "አትነቃነቁ!" እያልኩ እዞራለሁ።

"ጭንቅላቴስ ታዝዟል፣ ልጄ፤ ትከሻዬ ነው አልታዘዝ ያለው" አሉኝ አንድ ሽማግሌ።

በማግስቱ የእማማ ሐዋን ፋሻ ፈታሁ። ዓይናቸውን ጨፈን ገለጥ አደረጉና ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"ማሻአላህ፣ ልጄ፣ እንዴት አምሮብሻል!"

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። "እማ፣ እኔ እዚህ ነኝ" አለች ዘይነባ ከኋላዬ።

"ኮቱ፣ ነይ" ብለው በኦሮምኛም በአማርኛም ጠሯት። መጥታ ተንበረከከች። ብዙ አዩዋት።

"አባትሽን ነው የመሰልሽው" አሉ። "ይህን ሁሉ ዘመን የነገረኝ ሰው የለም።"

አባቷ የሞቱት ገና በጡት ሳለች ነበር። እልልታው ቀለጠ። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ።

ሰሞኑን ከሆስፒታል በደወለችልኝ ልጅ አልፈርድም፤ አልጋ ሲጠፋ ማስተላለፍ ግድ ነው። ግን መልሼ ደወልኩላት። "አልጋ ሲለቀቅ ወረፋ የያዙትን ምን እንደሚጠብቃቸው ጠይቂያቸው" አልኳት። "ልጁን የሚድር ካለ፣ እሱን አስቀድሚው።"