አፉን የከፈተው ዛጎል

መቼ እንደነበር በትክክል አላስታውስም። አምና ይሁን ካቻምና፣ ልጄ ታውቀዋለች። የነቢያት ጾም ግን ገብቶ ነበር፤ ይህን አልረሳም።

መጀመሪያ ከንፈሬን ነዘረኝ። ቀጥሎ ምላሴን፤ ከዚያ የጣቶቼን ጫፍ። እዚህ ሰው አገር፣ ሮውሌት በምትባል ከተማ፣ ልጄ ቤት ነበርኩ። ቀዝቃዛ ውሃ ብጠጣ ጉሮሮዬን እንደ ፍም አቃጠለኝ። ልነሳ ስል እግሬ ከዳኝ። ልጄ ትዕግሥት ከሥራ ስትገባ ወለል ላይ አገኘችኝ።

ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ "ስትሮክ ሊሆን ይችላል" አለ። ሲቲ ስካን አነሱኝ። የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፤ ከዘገየ አይጠቅምም፤ አንዳንዴ ግን ጭንቅላት ውስጥ ደም ያፈሳል አለ። ልጄ እያለቀሰች ትተረጉምልኛለች።

"ዛሬ ምን በልተዋል?"

"ሽሮ" አልኩ።

ዋሸሁ።

ወጣት ሳለሁ አሰብ ወደብ ላይ ዕቃ አወርድ ነበር። ባሕሩ ሲሸሽ አሊ የሚባል አፋር ጓደኛዬ ከድንጋዩ ላይ ዛጎል እየለቀመ በቆርቆሮ ይቀቅልልን ነበር። "ሲፈላ አፉን የከፈተውን ብላ፣ ያልከፈተውን ወርውር" ይለኛል። እና ከመታመሜ በፊት በነበረው ቀን እነ ትዕግሥት ጋልቨስተን የሚባል ባሕር ዳር ወሰዱኝ። ያንን ዛጎል ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ሳየው የአሊ ሳቅ ጆሮዬ ላይ መጣ። ዳር ዳሩን የሞተ ዓሣ ተጥሏል፤ ሰዉም ያስላል፤ ብርድ መሰለኝ። ማስታወቂያም ተሰቅሎ ነበር፤ እንግሊዝኛ ግን አላነብም። በፌስታል ለቅሜ ጋራዥ ያለው ፍሪጅ ውስጥ ደበቅኩት። በማግስቱ ልጄ ሥራ ስትሄድ ቀቅዬ በሚጥሚጣ በላሁ። አፉን የከፈተውን ብቻ።

በጾም፣ ያውም ዛጎል! ልጄ ፊት እንዴት ልናገር?

አጠገቤ የነበረችው ነርስ ሐበሻ ናት። ውሃው አቃጠለኝ ስል ሰምታኛለች። ልጄን "እህቴ፣ የኢንሹራንስ ካርዱን እዚያ ፊት ለፊት ይፈልጉታል" ብላ አስወጣቻት። ከዚያ ጎንበስ አለች።

"አባባ፣ እኔ ቄስ አይደለሁም፤ አልቆጣዎትም። ከባሕር የመጣ ነገር በልተዋል?"

መድኃኒቱ ተዘጋጅቷል። ሐኪሙ ቆሟል።

"ዛጎል" አልኳት።

ሮጣ ነገረችው። መድኃኒቱን አቆዩት።

"ሬድ ታይድ ነው" አለ ሐኪሙ በኋላ፤ ነርሷ ተረጎመችልኝ። በዓይን የማይታይ አልጌ በየወቅቱ ባሕሩ ላይ ይበዛል፤ ዛጎሉ መርዙን ያጠራቅመዋል፤ ብሬቬቶክሲን ይባላል። ዓሣውን የገደለው፣ ሰዉን ያሳለው፣ ቀዝቃዛውን ውሃ እንደ ፍም ያስመሰለብኝም እሱ ነው። "ማፍላት አያጠፋውም። ማርከሻም የለውም። ትንፋሽዎን እየጠበቅን ሰውነትዎ እስኪያስወጣው እንቆያለን።"

በሦስተኛው ቀን ቀዝቃዛው ውሃ ቀዝቃዛ ሆኖ ወረደልኝ፤ ቤት ገብቼም በረንዳው ላይ እግሬን ዘርግቼ ከቤቱ ፊት ያለውን ሐይቅ እያየሁ፣ አሊ ዛሬ በሕይወት ይኑር አይኑር፣ ያ ቆርቆሮ፣ ያ ሙቀት፣ ያ ጉልበቴ የት ሄደ እያልኩ ብዙ ሰዓት አሳለፍኩ። ትዕግሥት ቆሻሻ መጣያውን ስታወጣ ዛጎሉን አገኘችው። አንዱን አንሥታ "አባዬ፣ ሽሮው ቅርፊት ነበረው እንዴ?" አለችኝ። ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ አቀፈችኝ።

እናንተም ባሕር ዳር ስትሄዱ የሞተ ዓሣ ካያችሁ፣ ጉሮሯችሁን ከከረከራችሁ፣ ዛጎሉን ተዉት። ማስታወቂያ ካለ አስነብቡ። ከታመማችሁ ደግሞ የበላችሁትን ተናገሩ፤ ሰው ይሰማብኛል አትበሉ። እኔን እፍረቴ ሊገድለኝ ነበር። እግዜር ይስጣትና እፍረቴ ገብቷት ልጄን ያስወጣችልኝ ያቺ ነርስ ብርቱካን ትባላለች።