የአያ ታፈረ ገብስና የበለጠ ካሜራ

ባለፈው ሳምንት ከደብረ ማርቆስ ወደ ሮብ ገበያ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ስገባ አጠገቤ ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው? በለጠ!

በለጠ ድሮ እኔ የምሠራበት ሬዲዮ ጣቢያ ባልደረባዬ ነበር። ለቆ ዩቲዩብ ከፈተ... ከዚያ ወዲህ ፊቱም ወዝ አወጣ። አዲስ ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። የእኔ መቅረጫ ደግሞ ክዳኗ በፕላስተር የተለጠፈ ነው። መስኮት መስኮቱን እያየሁ ሄድኩ።

ሁለታችንም የምንሄደው ለአንድ ጉዳይ ነው። በረዶ ወርዶ የገበሬውን ሰብል አውድሞታል።

አያ ታፈረ የሚባሉ አባት ማሳቸው ዳር ቆመው አገኘናቸው። ገብሱ እንዳለ መሬት ላይ ተኝቷል።

በለጠ ካሜራውን ደቀነና «አያ ታፈረ፣ እስኪ ትንሽ ያልቅሱልኝ። ያለ እንባ እኮ ሰው አያይልንም» አላቸው።

«እንባዬንስ ሌሊት ጨርሼዋለሁ ልጄ። ከፈለግህ ገብሱን አንሳው።»

ውስጤ ቅቤ ጠጣ! እኔ በጨዋ ደንብ ጠየቅኳቸው። የጎረቤቶቻቸውን ማሳ ዞሬ አየሁ፣ ግብርና ጽሕፈት ቤት ሄጄ አጣራሁ። እውነት ለመናገር ደህና ዜና ሠራሁ።

አለቃዬ አዳመጠና «ግሩም ነው... ግን ስፖንሰሩ ማስታወቂያ ጨምሯል፣ አሳጥረው» አለኝ። አሳጠርኩት። «አሁንም አሳጥረው» አለኝ።

በለጠስ? ለቪዲዮው «ከሰማይ የወረደው መዓት! ገበሬውን ያስለቀሰው ጉድ!» የሚል ርዕስ ሰጥቶ፣ ዋሽንትና ነጎድጓድ ጨምሮ ለቀቀው። አገር ምድሩ አየው። እኔም ስንት ሰው እንዳየው ለማወቅ በየሰዓቱ እየከፈትኩ ራሴው ተመልካች ጨመርኩለት።

ዛሬ ጠዋት አያ ታፈረ ደወሉልኝ። ሊያመሰግኑኝ ነው ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ልጄ፣ ጎረቤት ሰብስቤ በሬዲዮ ስጠብቅህ ነበር። ስሜን ጠራህና ወዲያው የፍራሽ ማስታወቂያ ገባ!»

ስለ ስፖንሰሩ ላስረዳቸው ስጀምር አቋረጡኝ።

«ያ ጓደኛህ ግን እግዜር ይስጠው! ከተማ ያሉ የአገራችን ልጆች ቪዲዮውን አይተው የዘር ገብስ ጭነው መጡልን። እስኪ ስልኩን ስጠኝ፣ ልመርቀው።»

አላስቻለኝም። «አያ ታፈረ፣ እሱ እኮ አለቀሱ ብሎ ዋሽቶብዎታል!»

«ዋሽቷል እንጂ! ያን ቀን ያልነበረ ነጎድጓድም ጨምሮበታል» ብለው ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ግን ልጄ... አንተ እውነቱን ተናገርህና ማን አስጨረሰህ?» አሉኝ።

ይህችኛዋ አጥንቴ ድረስ ገባች።

ቁጥሩን ነገርኳቸው። የመጨረሻዋን አሃዝ ግን እንዳላሳስታት ምላሴን ነክሼ ነው... የቀና ሰው ለካ ለስልክ ቁጥርም አይታመንም።